ከቤን ጉሪዮን ወደ ላርናካ ወይስ ወደ አቴንስ? ርቀቱ፣ የበረራው ሰዓትና ከቤት እስከ ሆቴል የሚወስደው ጊዜ

ለሦስት ቀን ወጣ ብሎ ለመመለስ የቆጵሮሷ ላርናካ ትሻላለች ወይስ የግሪኳ አቴንስ? እኛ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ይህ ጥያቄ ከሥራ ባልደረቦቼም ከዘመዶቼም አይጠፋም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል። አንዱ ትኬት «1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ» ይላል። ሌላው «2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ» ይላል። ዋጋው ተቀራራቢ ነው። «ላርናካ ይቀርባል፣ አይደል?» ይለኛል፣ ጣቱን መግዣው ላይ አስጠግቶ።

አዎ፣ ይቀርባል። ግን የቅርበቱን ያህል ጊዜ አያተርፍም። በሁለቱም መንገድ ከእናቴ ጋር፣ ከልጆቼ ጋር፣ ብቻዬንም ተመላልሼበታለሁ። ሰው በኪሎ ሜትር ወይም በበረራ ሰዓት ብቻ ሲመርጥ ገንዘቡም ቀኑም ሲባክን አይቻለሁ። ስለዚህ ከትኬቱ በፊት ሊታይ የሚገባውን ሁሉ ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ ርቀቱ

ከእስራኤል ዋና ኤርፖርት ከቤን ጉሪዮን (እኛ እዚህ ናትባግ የምንለው) እስከ ላርናካ ኤርፖርት ያለው ቀጥታ የአየር ርቀት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አቴንስ ኤርፖርት ደግሞ ወደ 1,195 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። የላርናካው መንገድ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ወዲያው መሬት ይነካል። የአቴንሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ቆጵሮስን ወደ ጎን ትቶ፣ በሮድስ ደሴት አካባቢ አልፎ፣ የኤጌን ባሕር ደሴቶች ተሻግሮ ነው የሚደርሰው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። አንዱ ድረ ገጽ ለላርናካ 340 ይላል፣ ሌላው 211፣ ሦስተኛው 183። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው በማይል፣ ሦስተኛው አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ለአቴንስም እንዲሁ 1,195፣ 743 እና 645 ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ከማወዳደራችሁ በፊት አጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ እዩ።

ደግሞም አውሮፕላን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሲነሳ በነፋሱ አቅጣጫ ይነሳል። ሲያርፍም ዞሮ ተራውን ጠብቆ ነው። ስለዚህ በእውነት የሚበርረው መንገድ ከቀጥታው ይረዝማል። አጭር በረራ ላይ ይህ ትርፍ መንገድ ጎልቶ ይታያል።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ምንድን ነው?

ትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተላቀቀበት እስከሚቆምበት ድረስ ነው። መንደርደሪያው ድረስ የሚያዘግመው፣ ተራ የሚጠብቀው፣ ካረፈም በኋላ እስከ ማቆሚያው የሚሄደው ሁሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ለላርናካ ከተጻፈው 70 ደቂቃ ውስጥ አየር ላይ የምትቆዩት 40 ወይም 45 ደቂቃ ነው። ቀሪው መሬት ላይ ያልፋል።

ሒሳቡን ሠርቼው ነበር። 340 ኪሎ ሜትርን በ70 ደቂቃ ካካፈላችሁት በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። አቴንስን በ2 ሰዓት ከ15 ካሰባችሁት ደግሞ 530 አካባቢ ይሆናል። አውሮፕላኑ ያው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የላርናካው ገና ከፍታውን ሳይጨርስ መውረድ መጀመሩ ነው። የአቴንሱ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወጥቶ ረጅሙን መንገድ በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል።

ከልጆቼ ጋር ላርናካ ስንሄድ ይህንን በደንብ አየሁት። ትንሿ ልጄ ጆሮዋ ተደፈነ ብላ ስታለቅስ ከረሜላ ሰጠኋት። ከረሜላው አፏ ውስጥ ሳያልቅ መውረድ ጀመርን። አሁንም ጆሮዋ! ለሕፃን አጭር በረራ ሁልጊዜ ቀላል ነው ብላችሁ አታስቡ። መውጣቱና መውረዱ ያለ እረፍት ተከታትሎ ይመጣል። የሚጠጣ ነገር ይዛችሁ ግቡ። አስተናጋጆቹ ጋሪ ለመግፋት ጊዜ ላያገኙ ይችላሉ።

በዚህ መስመር ላይ ሁሉም አውሮፕላን ጄት አይደለም። ኤቲአር የሚባሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። ወደ ላርናካ ከሆነ ከጄቱ የሚለያችሁ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ አይከፋኝም። ወደ አቴንስ ከሆነ ግን ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ሰዓቱ ከለመዳችሁት በዝቶ ካያችሁ የአውሮፕላኑን ዓይነት ተመልከቱ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ንፋሱ። በእነዚህ አካባቢዎች ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ወደ አቴንስ ስትሄዱ ንፋሱን እየተጋፈጣችሁ ነው። ስትመለሱ ይገፋችኋል። የመልሱ ትኬት ላይ 2 ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ብታዩ አትገረሙ። ክረምት ላይ (እዚህ ክረምት የምንለው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ብርድ ነው) ልዩነቱ ይሰፋል። ላርናካ ላይ ይህ ብዙም አይሰማም።

ከቤት በር እስከ ሆቴል በር

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። እኔ ቤት ያለውን ሒሳብ ላስቀምጥ፣ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት።

ከረሆቮት ናትባግ በመኪና ግማሽ ሰዓት እንበል። ኤርፖርት ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይባላል። ይህ ለላርናካም ለአቴንስም አንድ ነው። አጭር በረራ ስለሆነ የሚቀነስላችሁ ነገር የለም። የደኅንነት ጥያቄው ያው ነው፣ ፍተሻው ያው ነው፣ ሰልፉም ያው ነው።

ላርናካ፦ ግማሽ ሰዓት መንገድ፣ 3 ሰዓት ናትባግ፣ 1 ሰዓት ከ10 በረራ፣ 40 ደቂቃ ፓስፖርትና ሻንጣ፣ 15 ደቂቃ ታክሲ እስከ ባሕሩ ዳር ሆቴል። ድምሩ 5 ሰዓት ከ35።

አቴንስ፦ ግማሽ ሰዓት መንገድ፣ 3 ሰዓት ናትባግ፣ 2 ሰዓት ከ15 በረራ፣ 50 ደቂቃ ፓስፖርትና ሻንጣ፣ አንድ ሰዓት ሜትሮ ከመጠበቂያው ጋር እስከ መሐል ከተማው ሲንታግማ አደባባይ። ድምሩ 7 ሰዓት ከ35።

በርቀት ሦስት እጥፍ ተኩል የነበረው፣ በበረራ ሰዓት ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። ከቤት እስከ ሆቴል ሲቆጠር ደግሞ የሁለት ሰዓት ልዩነት ብቻ ቀረ። ደርሶ መልስ ከሆነ አራት ሰዓት። ጥያቄው እንግዲህ «ይህ አራት ሰዓት ለእኔ ምን ያህል ዋጋ አለው?» የሚለው ነው። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግማሽ ቀን ማለት ነው። አምስት ሌሊት ለሚያድር ሰው ግን ትንሽ ነው። በእሱ ምክንያት አቴንስን መተው አልመክርም።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ላርናካ ከተማ ውስጥ ካደራችሁ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሸወዳሉ። «ቆጵሮስ» ብለው ትኬት ይቆርጣሉ፣ ሆቴሉ ግን ጳፎስ ነው። ከላርናካ ኤርፖርት ጳፎስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደመሩት? ሰባት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የአቴንስን ያህል ደከማችሁ ማለት ነው። ጳፎስ የምትሄዱ ከሆነ የራሱ ኤርፖርት አለው። ከናትባግ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የበረራው ሰዓትም ከላርናካው ብዙ አይለይም። አያ ናፓና ሊማሶል ግን ከላርናካ ኤርፖርት ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ ለእነሱ ላርናካ ይበቃል።

ሰሜን ለምትኖሩ፣ ሐይፋ ወይም አፉላ አካባቢ ላላችሁ፣ ሌላም ምርጫ አለ። ከሐይፋ ትንሿ ኤርፖርት ወደ ላርናካ በኤቲአር የሚበርር አለ። ርቀቱ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንደርደሪያው አጭር ስለሆነ ትልልቅ ጄቶች አያርፉበትም። ለዚያ ነው ፕሮፔለር የሆነው። ትልቁ ጥቅሙ ርቀቱ ማጠሩ አይደለም። እስከ ናትባግ የምትነዱት መንገድ መቅረቱ ነው።

ሲደርሱ የሚጠብቃችሁ

የላርናካ ኤርፖርት የተጀመረው በችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የቱርክ ጦር ቆጵሮስ ሲገባ የኒቆስያው ኤርፖርት ተዘጋ። እስከ ዛሬም አልተከፈተም። በ1975 መጀመሪያ ላይ ላርናካ ተተካ። አሁን የምንጠቀምበት ተርሚናል በ2009 የተከፈተ ነው። መጠኑ የሚመች ነው። ከአውሮፕላኑ እስከ መውጫው ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ጉልበታቸው ለሚያማቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤርፖርቱ የጨው ሐይቅ አጠገብ ነው። ክረምት ላይ፣ ሐይቁ ውኃ ሲይዝ፣ ፍላሚንጎዎች ይሰፍሩበታል። እናቴ ከታክሲው መስኮት አይታ «ውይ፣ ይኸ ሁሉ ወፍ!» ብላ ሾፌሩን አስቆመችው። ሰውዬው አማርኛ ባይሰማም ገባው፣ ቆመልን። በሐይቁ ማዶ ሐላ ሱልጣን ተኬ የሚባለው መስጊድ በዘንባባ መካከል ይታያል። አብያታ ሐይቅን ያየ ሰው ትዝታው ይመጣበታል።

በቆጵሮስ ባቡር የለም። የነበረውም በ1951 ቆሟል። ስለዚህ ከኤርፖርት የሚወስዳችሁ አውቶቡስ፣ ታክሲ ወይም የኪራይ መኪና ነው። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ የሚነዳው በግራ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነው። እስራኤል ውስጥ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ታክሲ ይዤ መኪናውን በማግስቱ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው የምወስደው።

አቴንስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኤርፖርቱ ከከተማው ይርቃል። በመንገድ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ስፓታ የሚባል አካባቢ። በ2001 የተከፈተ ትልቅ ኤርፖርት ነው፣ ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ ይባላል። ግን ሜትሮ አለው። ሰማያዊው መስመር፣ ቁጥር 3፣ ሳትወርዱ ሲንታግማ ያደርሳችኋል። አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከ2022 ወዲህ ያው መስመር እስከ ፒሬየስ ወደብ ይሄዳል። ባቡሩ የሚመጣው በግምት በየግማሽ ሰዓቱ ነው፣ አንዱ ካመለጣችሁ መቀመጥ አለ። ሌሊት ሜትሮው ሲቆም ኤክስ 95 የሚባለው አውቶቡስ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። የኤርፖርቱ የሜትሮ ትኬት ከከተማው ትኬት የተለየና የሚወደድ ነው። ለአንድ ሰው 9 ዩሮ ይከፈላል። ታክሲው ወደ መሐል ከተማ የተወሰነ ዋጋ አለው፣ ቀን 40 ዩሮ ገደማ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 55 ገደማ። አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሜትሮው 36 ዩሮ ስለሚመጣ ታክሲው ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ሻንጣ ከመጎተት ታክሲውን ያዙ።

ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። ግሪክ በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ካስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ከሼንገን፣ አንዷ ናት። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሼንገን ድንበሮች ላይ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ አሻራና ፎቶ እንዲሰጥ የሚያደርገው አዲሱ ምዝገባ ደረጃ በደረጃ ገብቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው ይቆያል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ቆጵሮስ በዚህ ምዝገባ ውስጥ የለችም፣ ፓስፖርታችሁን በማኅተም ነው የምትመታው። ለዚህ ነው ከላይ ለአቴንስ አሥር ደቂቃ የጨመርኩት። የብዙ አውሮፕላን መንገደኛ አንድ ላይ ከወረደ አሥር ደቂቃውም አይበቃም።

የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ለሁለቱም ቪዛ አያስፈልገውም። አዲስ የመጡና በፓስፖርት ፋንታ ቴዑዳት ማዓቫር የሚባለውን የጉዞ ሰነድ ይዘው የሚጓዙ ዘመዶቻችን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የቪዛው ነፃነት የተሰጠው ለፓስፖርቱ ነው። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። ኤርፖርት ደርሶ መመለስን የመሰለ የሚያንገበግብ ነገር የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዛችሁ ደግሞ ለሁለቱም አገር ቪዛ ያስፈልጋል።

ዋጋውን እንዴት ላወዳድር?

የትኬቱን የፊት ዋጋ አትመኑ። አጭር መስመር ላይ ርካሽ የሚባለው ትኬት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ከመቀመጫው ሥር የሚገባ። ሻንጣ ሲጨመር፣ ቤተሰብ አንድ ላይ እንዲቀመጥ ሲከፈል፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ወደ ላርናካ ስሄድ ቦርሳዬ በሁለት ጣት ታህል በለጠ ተብዬ በር ላይ ከትኬቱ የበለጠ ከፍያለሁ። የድርጅቱን ስም አላነሳም፣ ደንቡ ትኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አሁን ሜትር አውጥቼ ሳልለካ ከቤት አልወጣም።

ሁለቱን ስታወዳድሩ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ደምሩ፦ ትኬት፣ ሻንጣ፣ መቀመጫ፣ ናትባግ ድረስ ያለውን ታክሲ፣ እዚያ ስትደርሱ የምትከፍሉትን። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። ላርናካ ላይ ለአጭር ታክሲ የምትከፍሉት ትንሽ ነው፣ ከላርናካ ጳፎስ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ቀኑንም እዩ። ፋሲካ፣ የሱኮት በዓልና ኦገስት ላይ ሁለቱም ይወደዳሉ። በሳምንቱ መሐል ይረክሳሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚነሳ ርካሽ ትኬት ካያችሁ ወደ ናትባግ የሚወስደውን የባቡሩን ነገር አስቡ። በሰንበት ባቡር የለም፣ የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አልም አይበርም። ለታክሲ የምትከፍሉት የትኬቱን ቅናሽ ሊበላው ይችላል።

በአቴንስ በኩል አንድ ከባድ ትምህርት አለኝ። አቴንስ ለብቻዋ መዳረሻ ብቻ ሳትሆን ወደ ደሴቶቹ መሸጋገሪያ ናት። ቀርጤስ ከአቴንስ 50 ደቂቃ በረራ ነው። አንድ በጋ ከናትባግ አቴንስ፣ ከአቴንስ ቀርጤስ ብዬ ሁለት የተለያየ ትኬት ከሁለት ቦታ ገዛሁ። ብዙ ገንዘብ አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ሁለት ሰዓት ዘገየ። አቴንስ ስንደርስ ሁለተኛው ሄዷል። ሁለተኛው ድርጅት «የእኛ ጥፋት አይደለም» አለ። የመጀመሪያው «እኛ አቴንስ አድርሰንሃል» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተኝተው፣ እኔ ማታውን አዲስ ትኬት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የምሸጋገር ከሆነ መንገዱን በሙሉ በአንድ ትኬት ነው የምገዛው። ካልሆነም አቴንስ አንድ ሌሊት አድራለሁ።

ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝስ?

እዚህ ላይ ርቀቱ ተመልሶ ይመጣል፣ በሌላ መልክ። የአውሮፓ ኅብረት የመንገደኞች ካሳ የሚወሰነው በኪሎ ሜትር ነው። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ላለ በረራ 250 ዩሮ ነው። ላርናካ 340፣ አቴንስ 1,195። ሁለቱም ከ1,500 በታች ስለሆኑ ካሳው እኩል ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ስትነሱ፣ ማለትም ስትመለሱ፣ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን ሕጉ ይሠራል። ከእስራኤል ስትሄዱ ግን የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ኅብረት ከሆነ ብቻ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁና ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ።

በእስራኤል በኩል ደግሞ የ2012ቱ ሕግ አለ፣ በተለምዶ የቲቢ ሕግ የሚባለው። ከሁለት ሰዓት መዘግየት ጀምሮ ምግብና መጠጥ ይሰጣል። ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆነ ገንዘባችሁን መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ከስምንት ሰዓት በላይ ከዘገየ እንደ ተሰረዘ ተቆጥሮ ካሳ ይከፈላል። የካሳው የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ላርናካና አቴንስ እዚህም አንድ ናቸው። የጸጥታ ችግር ሲኖር ግን ካሳው ላይሰጥ ይችላል። ይህንን በዚህ አገር የምንኖር ሁሉ ለምደነዋል። የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን አትጣሉ፣ መዘግየቱ የሚታይበትን የኤርፖርት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ።

ሰዓት አቆጣጠር

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም በቤተሰባችን ደርሷል። አጎቴ ከእኛ ጋር አቴንስ ሊሄዱ ነበር። «ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ብለው በስልክ ጠየቁኝ። ትኬቱን አየሁና «ስድስት ሰዓት ከአሥር» አልኳቸው። ትኬቱ 06:10 ይላል። እሳቸው ደግሞ የሚቆጥሩት እንደ ሀገር ቤት ነው። ስድስት ሰዓት ማለት ለእሳቸው እኩለ ቀን ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ይዘን በራቸው ላይ ቆምን። መብራት የለም። ደወልኩ። «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?» አሉኝ ከእንቅልፋቸው ባንነው። ደግነቱ ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ ነበር፣ ደረስን። አሁን ለትልልቅ ሰዎች የምነግራቸው በሁለቱም አቆጣጠር ነው፦ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10፣ በፈረንጅ 06:10። ታክሲው የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል።»

በእስራኤል፣ በቆጵሮስና በግሪክ ያለው ሰዓት አንድ ነው። ሰዓታችሁን መንካት የለባችሁም። ከዚህ የሚለየው የማርች የመጨረሻው እሑድ አካባቢ ነው። እስራኤል የበጋውን ሰዓት (ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበትን) የምትጀምረው ከመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ነው፣ አውሮፓ ደግሞ እሑዱን። በእነዚያ ሁለት ቀኖች እስራኤል በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቅዳሜ ወደ ላርናካ ከሄዳችሁ ትኬቱ ላይ በተነሳችሁበት ሰዓት የደረሳችሁ ሊመስላችሁ ነው፣ ሲመለሱም የአንድ ሰዓቱ በረራ ሁለት ይመስላል።

ለማን የትኛው?

ከትልልቅ ሰዎች ጋር ለሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ከሆነ ላርናካ እላለሁ፣ ሳላመነታ። ኤርፖርቱ ትንሽ ነው፣ ሆቴሉ ቅርብ ነው፣ ፊኒኩዴስ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ምርኩዝ ይዞ የሚሄድ ሰውም ይመቸዋል። አቴንስ ላይ አክሮፖሊስ ዳገት ነው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። መራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአውሮፓ ኤርፖርቶች በነፃ ነው፣ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ነው የሚያስፈልገው። እናቴ መጀመሪያ አፍራ ነበር። «እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ሰልፉን በጎን አልፋ ከእኛ ቀድማ ስትቀመጥ ግን በጣም ተደሰተች።

ለክርስቲያን ወዳጆቼ ላርናካ ሌላ ምክንያትም አላት። የቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን ያለው እዚያ ነው፣ ከባሕሩ ዳር በእግር ጥቂት ደቂቃ። ጌታ ከሞት ያስነሳው አልዓዛር በኋላ የከተማዋ ጳጳስ ሆኖ እዚያ እንዳረፈ ትውፊቱ ይናገራል። ከተማዋ የጥንቷ ኪቲዮን ናት፣ በኦሪት «ኪቲም» የሚለው ስም የሚያያዝባት። ቴል አቪቭ የምትሠራ አንዲት ጎረቤቴ በአንድ ቀን ደርሳ የተመለሰችው ለዚያ ነው። አቴንስ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ ቀኑ ሙሉ መንገድ ላይ ያልቃል።

አራት ሌሊትና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ከጓደኛ ወይም ከደረሱ ልጆች ጋር ከሆናችሁ፣ መኪና መከራየት ካልፈለጋችሁ፣ አቴንስ ትሻላለች። የሚታየው ብዙ ነው፣ ሜትሮው ሁሉ ቦታ ያደርሳል፣ ፒሬየስ ሄዳችሁ መርከብ ይዛችሁ ለአንድ ቀን ደሴት ማየት ትችላላችሁ። ለሁለት ሌሊት ብቻ ግን አቴንስን አልሄድባትም። ኮሸር ለምትበሉ ሁለቱም ከተሞች ቤተ ኻባድ (የኻባድ የአይሁድ ማኅበር ቤት) አላቸው፣ ለሰንበት ምግብ አስቀድማችሁ ደውሉ።

እኔ ለዚህ ክረምት ላርናካ ቆርጫለሁ፣ ማክሰኞ ሄጄ ሐሙስ ልመለስ። እናቴ ፍላሚንጎዎቹን ለእህቷ ማሳየት ፈልጋለች። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግቤያለሁ፣ ቦርሳዎቹንም ለክቻለሁ።